ለክሮውፊሽ ቅቅል ቅመም ሲመረጥ፦ ዱቄት፣ ከረጢት፣ ፈሳሽ ወይስ ቅቤ?

ክሮውፊሽ በወንዝ፣ በረግረግና በሩዝ ማሳ ውኃ ውስጥ የሚኖር፣ መልኩ ሎብስተርን የሚመስል፣ በመጠን ግን ከእሱ በጣም የሚያንስ ቅርፊታም እንስሳ ነው። በአሜሪካ የሉዊዚያና ግዛት በየዓመቱ ከጃንዋሪ እስከ ጁን ባለው ጊዜ በሕይወት እንዳለ በጆንያ ይሸጣል፤ ከቤት ውጭ በጋዝ እሳት ላይ በተጣደ ትልቅ ድስት ከድንች፣ ከበቆሎ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቋሊማ ጋር ይቀቀልና ጋዜጣ በተነጠፈበት ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተዘርግፎ፣ በእጅ እየተፈለፈለ በጋራ ይበላል። ልማዱ ወደ ቴክሳስ ከተሻገረ ቆይቷል፤ በሂዩስተንና በዳላስ የሚኖር ኢትዮጵያዊም በሥራ ባልደረባ ወይም በጎረቤት ግብዣ ቀምሶት በራሱ ጓሮ ለመቀቀል ሲነሣ መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ የቅመሙ ጉዳይ ነው።

በወቅቱ የእነዚህ ከተሞች የገበያ መደርደሪያዎች በዚህ ቅመም ይሞላሉ። ትልልቅ የፕላስቲክ ማሰሮዎች፣ እንደ ሻይ ከረጢት የተሰፉ የቅመም ከረጢቶች፣ ጥቁር ቀይ ፈሳሽ የያዙ ትንንሽ ጠርሙሶችና ልዩ ልዩ ስም ያላቸው የመነስነሻ ቆርቆሮዎች ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው የትኛው ስም እንደሚሻል ነው። በእኔ እምነት ግን ከስሙ በፊት የቅመሙ ዓይነት መወሰን አለበት፤ ምክንያቱም በሁለት ኩባንያዎች ዱቄት መካከል ያለው ልዩነት፣ አንዱ ኩባንያ በሚያወጣው ዱቄትና በዚያው ኩባንያ ከረጢት መካከል ካለው ልዩነት ያነሰ ነው። አንዱ ጨው ይዞ ይመጣል፣ ሌላው አይዝም፤ አንዱ ሽታ ይሰጣል፣ ሌላው ያቃጥላል፤ አንዱ ለውኃው ነው፣ ሌላው ከውኃው ከወጣ በኋላ ነው።

ቅመሙ ወዴት ይገባል?

ከክሮውፊሹ የሚበላው ሥጋ በጅራቱ ውስጥ ያለው ሲሆን፣ እሱም ከጠቅላላ ክብደቱ 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ላይ በጠንካራ ቅርፊት ተሸፍኗል። ስለዚህ ወደ ድስቱ የተጨመረው ሁሉ ሥጋው ዘንድ ይደርሳል ማለት አይደለም። በውኃ የሟሟ ጨው በቅርፊቱ መጋጠሚያዎች በኩል ሰርጎ ሥጋውን ያገኘዋል። የቃሪያው የሚያቃጥል ንጥረ ነገር፣ ካፕሳይሲን የሚባለው፣ በውኃ ሳይሆን በቅባት የሚሟሟ በመሆኑ ከቋሊማውና ከክሮውፊሹ ራሱ ወጥቶ ላይ ላዩን ከሚንሳፈፈው ቅባት ጋር ይዋሐድና በቅርፊቱ ላይ እንዲሁም በጭንቅላቱ ውስጥ ባለው ቢጫ ቅባት ውስጥ ይቀራል። የቅጠላ ቅጠሉና የፍሬው ሽታ በሁለቱ መካከል ነው፤ ጥቂቱ ይገባል፣ የሚበዛው ግን የሚሸተት እንጂ የሚቀመስ አይደለም። በላተኛውን ከንፈሩን የሚያቃጥለው ቅርፊቱን ሲነክስና ጭንቅላቱን ሲመጥ ነው። ሥጋው ጨው ካላገኘ ግን ውጩ የቱንም ያህል ቢያቃጥል ምግቡ አልጫ ነው።

ይህን የተረዳ ሰው ሁለት ነገር ይለወጥለታል። አንደኛ፣ ቅመም ሲመርጥ አስቀድሞ ጨው አለው ወይስ የለውም ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ገንዘቡን ለተጨማሪ ማሰሮ ከማውጣት ይልቅ ለመዘፍዘፊያው ጊዜ ትዕግሥት ያደርጋል። ልምድ ያላቸው የሉዊዚያና ሰዎች የመቀቀያውን ጊዜ አጭር፣ የመዘፍዘፊያውን ደግሞ ረጅም ያደርጉታል፦ ክሮውፊሹ ገብቶ ውኃው ዳግም ከፈላ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ብቻ ይቀቀላል፤ ከዚያ እሳቱ ይጠፋና በዚያው ውኃ ውስጥ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል። የቀዘቀዘ በቆሎ ወይም በረዶ በዚህ ሰዓት የሚጨመረው የውኃውን ሙቀት አውርዶ መብሰሉን ለማቆም ነው፤ አለበለዚያ ሥጋው ይልምና ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ ለመፈልፈል ያስቸግራል። ሲዘፈዘፍ ላይ ተንሳፍፎ የነበረው ክሮውፊሽ ቀስ በቀስ ውኃውን እየያዘ ወደ ታች ይሰጥማል፤ ይህ ቅመሙ መግባቱን የሚያሳይ ከሁሉ የቀለለ ምልክት ነው።

የወቅቱም ነገር አለ። በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ የሚገኘው ክሮውፊሽ ትንሽና ቅርፊቱም ስስ ስለሆነ ቅመም ፈጥኖ ይይዛል፤ በሜይ መጨረሻና በጁን ያለው ግን ቅርፊቱ ስለጠነከረ በተመሳሳይ መጠን ቅመም እንኳ ረዘም ያለ መዘፍዘፍ ይፈልጋል። በማርች የሠራለት ልኬት በጁን ያልሠራለት ሰው ኩባንያው ቅመሙን ለውጧል ብሎ ባይጠረጥር ጥሩ ነው።

የማሰሮው ዱቄት

ለጀማሪ የምመክረው ይህንኑ ነው። በ1889 ኒው ኦርሊንስ ላይ የተመሠረተው ዛተራንስና የባተን ሩዥ ከተማው ሉዊዚያና ፊሽ ፍራይ የተባሉት ኩባንያዎች በሰፊው የሚሸጡት ሲሆኑ፣ ሁለቱም ጨው፣ ቀይ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርትና ሌሎች ቅመሞች አስቀድመው የተቀላቀሉበት ዱቄት ያወጣሉ። 4.5 ፓውንድ፣ ማለትም 2 ኪሎ ገደማ የሚይዘው ማሰሮ የሚታሰበው ለአንድ ጆንያ ሲሆን፣ አንድ ጆንያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ፓውንድ፣ ከ14 እስከ 16 ኪሎ ይመዝናል። ለአንድ ሰው ከ3 እስከ 5 ፓውንድ ከታሰበ ጆንያው ለስምንት ወይም ለአሥር እንግዳ ይበቃል።

በእነዚህ ማሰሮዎች ጀርባ የተጻፈውን ዝርዝር ማንበብ ይጠቅማል፤ በዝርዝሩ ላይ ቀድሞ የሚጻፈው በክብደት የሚበልጠው ስለሆነ ጨው ከፊት ሲታይ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ከ2 ኪሎው ግማሹ ጨው ቢሆንና ዱቄቱ በ30 ሊትር ውኃ ቢበጠበጥ፣ በአንድ ሊትር 33 ግራም ጨው ይሆናል፤ ይህም 35 ግራም ከሚሆነው ከባሕር ውኃ ብዙም አይርቅም። ለቅርፊታም እንስሳ ተገቢው መጠን እዚሁ አካባቢ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ውኃው በማንኪያ ሲቀመስ «በዛ» የሚያሰኝ መሆን አለበት፤ በሾርባ ልክ ከጣፈጠ ለክሮውፊሹ አንሷል። ዱቄቱን አብዝቶ በዚያ ላይ ያልተቀመሰ ተጨማሪ ጨው መጨመር ግን ሙሉ ጆንያ የሚያበላሽ ስህተት ነው፤ የገባ ጨው አይወጣምና።

ሁለት ስሞችን ማነጻጸር የሚፈልግ ሰው ድስት መጣድ አያስፈልገውም። ሁለት ተኩል የሻይ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ የፈላ ውኃ በጥብጦ፣ ቀጭን የድንች ቁራጭ አብስሎ እዚያ ውስጥ ለሩብ ሰዓት ቢያስቀምጥ፣ ልኬቱ ከድስቱ ጋር ስለሚቀራረብ የሚያገኘው ጣዕም እውነተኛ ነው። ጨው የበዛበት፣ ቃሪያ የበዛበት፣ ቅርንፉድ የሚሸተው የትኛው እንደሆነ በብርጭቆው ይለያል። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ፦ በመደርደሪያው ላይ ጎልቶ የሚታየው የቶኒ ሳሸሪ አረንጓዴ ቆርቆሮ፣ በክሪዮል ቅመምነቱ የታወቀው፣ የተሠራው በተሰናዳ ምግብ ላይ ለመነስነስ ነው። ኩባንያው ለመቀቀያ የሚሆነውን ለብቻው ስለሚያወጣ ሁለቱን ማምታታት አይገባም፤ የመነስነሻውን ይዞ 30 ሊትር ውኃ ለማጣፈጥ መሞከር ለኪስም ለምላስም አይበጅም።

ከረጢቱ

ከረጢቱ የጥንቱ መንገድ ነው። የዛተራንስ ከረጢት ሰናፍጭ፣ ድንብላል፣ ቀይ ቃሪያ፣ ቤይ ሊፍ፣ የዲል ፍሬና ኦልስፓይስ ሳይፈጩ የታሰሩበት ሲሆን ጨው የለበትም። ጥቅሙም ጉድለቱም ከዚህ ይመጣል። ጨውን በራስ እጅ ስለሚያስቀር የደም ግፊት ላለበት ቤተሰብ፣ ለሕፃናት፣ እንዲሁም በትንሽ ድስት ሽሪምፕ ለሚቀቅል ሰው ይመቻል፤ ውኃው ስለማይደፈርስ በቆሎውና ድንቹ ንጹሕ መልክ ይዘው ይወጣሉ፤ ሽታውም ከዱቄቱ የጠራ ነው። በሌላ በኩል ያልተፈጨ ፍሬ ጣዕሙን የሚለቀው ቀስ ብሎ ስለሆነ ክሮውፊሹ ከመግባቱ በፊት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ብቻውን መፍላት አለበት፤ ማቃጠሉም ደካማ ነው። ለሙሉ ጆንያ ከረጢት ብቻ የሚጠቀም ሰው ከረጢቶቹን አበርክቶ፣ ጨዉንና ቀዩን ቃሪያ ለብቻ ካልጨመረ እንግዶቹ በትሕትና «ጥሩ ነው» ብለው የሚያልፉት ምግብ ያቀርባል።

ፈሳሹ

ትንሿ ጠርሙስ የቅመሞቹን ጭማቂና ዘይት አጠናክራ የያዘች ናት። በውኃው ውስጥ ፈጥና ትበተናለች፤ ማቃጠልንና የቅርንፉድን ሽታ በደቂቃዎች ውስጥ ትሰጣለች። ጨውን ግን አትተካም፤ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚንም አትተካም። ስለዚህ ፈሳሹን ብቻውን መምረጥ አልመክርም፤ የዱቄት ወይም የከረጢት ረዳት አድርጎ መያዝ ነው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ፣ ክሮውፊሹ ሲዘፈዘፍ፣ ውኃው ሲቀመስ ማቃጠሉ ያነሰ ከመሰለ ያን ጊዜ ይጨመራል። 4 አውንስ የምትይዘው ጠርሙስ ለአንድ ጆንያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበቂ በላይ ናት፤ ከግማሿ ጀምሮ መቅመስ ይበልጣል።

ጥንቃቄም ይፈልጋል። በሚፍለቀለቅ ውኃ ላይ ሲንቆረቆር የሚነሣው እንፋሎት ጉሮሮ ይዘጋል፣ ዓይን ያስለቅሳል፤ በርበሬ በተዘጋ ቤት ሲታመስ ያደረገውን የሚያስታውስ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ስለዚህ ይህ ሥራ ከቤት ውጭ፣ ጓንት ተደርጎ፣ ሕፃናትን አርቆ የሚሠራ ነው። በአፓርታማ ወጥ ቤት ለሚቀቅል ሰው ፈሳሹን ከነጭራሹ መተው ብልህነት ነው።

ኦልድ ቤይና የመነስነስ ክርክር

ከሜሪላንድ ወይም ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የመጣ ሰው ክሮውፊሽ ሲባል እጁን ወደ ቢጫው የኦልድ ቤይ ቆርቆሮ መስደዱ አይቀርም። ይህ ቅመም ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ ባልቲሞር የገባው ጉስታቭ ብሩን በ1939 የቀመመው ሲሆን፣ የሴሌሪ ጨው፣ ቀይ ቃሪያ፣ ቁንዶ በርበሬ እንዲሁም ፓፕሪካ ጎልተው ይወጡበታል። የታሰበው ግን ለሌላ ዓይነት አበሳሰል ነው። የሜሪላንድ ሸርጣን በእንፋሎት ይበስላል እንጂ በውኃ አይዘፈዘፍም፤ ቅመሙም ቅርፊቱ ላይ በወፍራሙ ይነሰነሳል። በ30 ሊትር ውኃ የሟሟ ኦልድ ቤይ ሴሌሪ ሴሌሪ የሚል ለስላሳ ውኃ ከመሆን አያልፍም። ማክኮርሚክ የተባለው ኩባንያ ኦልድ ቤይን በ1990፣ ዛተራንስን ደግሞ በ2003 ስለገዛ ሁለቱም የአንድ ባለቤት ናቸው፤ ይህ ግን አንዱን በሌላው ቦታ ለመተካት ምክንያት አይሆንም።

ከድስቱ የወጣውን ክሮውፊሽ ወደ ኩለር (ክዳን ወዳለው የምግብ ማቀዝቀዣ ሳጥን) ገልብጦ ደረቅ ዱቄት እየነሰነሱ መነቅነቅ በቴክሳስ የተለመደ ነው፤ ብዙ የሉዊዚያና ሰዎች ደግሞ ይህን ስንፍና ይሉታል። ፍርዴ ከሉዊዚያናዎቹ ጋር ነው፤ የተነሰነሰው ዱቄት ጣት ላይና ከንፈር ላይ እንጂ ሥጋው ውስጥ አይገባም፣ በአፍም ውስጥ ጥሬ ጥሬ ይላል። እንዲያም ሆኖ በደንብ በተዘፈዘፈ ክሮውፊሽ ላይ ጥቂት መነስነስ ጉዳት የለውም። ኩለሩ ግን በሕይወት ያለው ክሮውፊሽ የተቀመጠበት፣ ያልታጠበ መሆን የለበትም።

የቅቤው መንገድና የእኛ ቅመም

የቬትናም ጦርነት ካበቃበት ከ1975 በኋላ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የሰፈሩ ቬትናማውያን ብዙዎቹ በሽሪምፕ ማጥመድ ሥራ ተሰማሩ፤ በኋላም በሂዩስተን፣ በተለይም በቤሌር ጎዳና አካባቢ ባሉ ምግብ ቤቶች፣ የሉዊዚያናን ቅቅል ወስደው አንድ እርምጃ ጨመሩበት። ክሮውፊሹ እንደ ወትሮው በቅመም ውኃ ይቀቀልና ከወጣ በኋላ ብዙ ነጭ ሽንኩርት በቀለጠበት የቅቤ ስልስ ይለወሳል፤ እንደ ቤቱ ምርጫ የሎሚ ሣር፣ ብርቱካን ወይም ዝንጅብል ይገባበታል። ቬት ኬጁን፣ ማለትም የቬትናምና የሉዊዚያና (የኬጁን) አበሳሰል ቅልቅል፣ የሚባለው ይህ አሠራር ነው። ነገሩን ከኬሚስትሪው ጎን ስናየው ብልሃቱ ይገለጻል፦ በውኃ ያልሟሟው የቃሪያ ኃይል በቅቤው ውስጥ ይሟሟል፣ ቅቤውም ቅርፊቱን ይለብሳል፣ በላተኛው ሲፈለፍል ከጣቱ ወደ ሥጋው ያሻግረዋል።

የኢትዮጵያ ቅመም ከዚህ ድግስ ጋር በእውነት የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። በርበሬን ወደ መቀቀያው ውኃ መጨመር ብክነት ነው፤ ይደፈርሳል፣ ከድስቱ ሥር ይዘቅጣል፣ ጣዕሙም ሳይወጣ ይቀራል። በርበሬ በሽንኩርትና በቅባት ተቁላልቶ ነው የሚከፈተው። ስለዚህ ቦታው ስልሱ ነው። ለ5 ፓውንድ ክሮውፊሽ 200 ግራም ያህል ቅቤ ወይም ግማሽ በግማሽ ንጥር ቅቤና ተራ ቅቤ በለስላሳ እሳት ይቀልጣል፤ አንድ ትልቅ ራስ ነጭ ሽንኩርት ደቅቆ ይገባና ሳይጠቁር ይለሰልሳል፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ከጥቂት የመቀቀያው ውኃ ጋር ተጨምሮ፣ ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ፣ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ይቁላላል። መጨረሻ ላይ የአንድ ሎሚ ጭማቂ ይጨመርበታል። ንጥር ቅቤው ብቻውን ቢሆን ኮሰረቱና ኮረሪማው ከክሮውፊሹ ለስላሳ ጣዕም በላይ ይጮሃሉ፤ ግማሽ በግማሽ ያልኩት ለዚህ ነው።

ሚጥሚጣ የተለየ ጉዳይ ነው። በክትፎ ላይ ሳይበስል የሚነሰነስ በመሆኑ መቁላላት አይፈልግም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ከእሳት በወረደ የነጭ ሽንኩርት ቅቤ ላይ ማማሰል ብቻ ይበቃዋል። ቀዩ ቃሪያና ኮረሪማው ከባሕር ምግብ ጋር ያላቸው መግባባት ከበርበሬው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ሚጥሚጣውን እመርጣለሁ። አዋዜ ደግሞ ለክሮውፊሹ ሳይሆን አብሮት ለተቀቀለው ድንች ማጥቀሻ ይሆናል። ሦስቱም ጨው ያለባቸው ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው የመቀቀያውን ውኃ ጨው በሩብ ያህል ቢቀንስ ይሻለዋል። ቅቤ ሲቀዘቅዝ ስለሚረጋ ደግሞ እንግዳው ሁሉ ተሰብስቦ ከተቀመጠ በኋላ መለወስ ነው እንጂ አስቀድሞ ለውሶ ማቆየት አይሆንም።

ቅመሙን በቤት መቀመም

የተዘጋጀውን መግዛት ለሙሉ ጆንያ ይቀላል፤ ለ5 ፓውንድ ግን ቤት መቀመሙ ትርጉም አለው፣ ቤት ውስጥ ድንብላል፣ ቅርንፉድ፣ ጦስኝና ሰናፍጭ ለማያጣ ሰው ደግሞ ይበልጥ። በ6 ሊትር ውኃ የሚከተለው ልኬት መካከለኛ ማቃጠል ይሰጣል፦ 200 ግራም ጨው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የቀይ ቃሪያ ዱቄት፣ ከፓፕሪካ፣ ከነጭ ሽንኩርት ዱቄትና ከቀይ ሽንኩርት ዱቄት ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ከቁንዶ በርበሬ፣ ከድንብላል፣ ከሰናፍጭ ፍሬና ከደረቅ ጦስኝ አንድ አንድ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የሴሌሪ ፍሬ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ኦልስፓይስ፣ ስድስት ፍሬ ቅርንፉድ፣ አምስት ቤይ ሊፍ። ያልተፈጩት ፍሬዎች በንጹሕ ሻሽ ቢታሰሩ በኋላ ከክሮውፊሹ መካከል ከመልቀም ያድናል። ከዚህ ሌላ ለሁለት ተከፍሎ የሚገባ ሦስት ሎሚና ወርዱን የተቆረጠ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት ያስፈልጋል።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ መጠኑን መሳሳት የማይፈቀደው ቅርንፉድና ኦልስፓይስ ላይ ነው፤ ትንሽ ሲበዙ ድስቱን በሙሉ ሻይ ሻይ ያሸቱታል። ቀዩን ቃሪያ እንደ ቤተሰቡ ዝቅና ከፍ ማድረግ ይቻላል። ፓፕሪካው በዋናነት ለቀለም ስለሆነ ቢቀር ብዙ አይጎዳም፤ ሴሌሪውም እንዲሁ።

አገባባቸው ላይ ቅደም ተከተል አለ። ጨዉ፣ ፍሬዎቹ፣ ሎሚውና ነጭ ሽንኩርቱ አስቀድመው ለሩብ ሰዓት ይፈላሉ፤ ድንቹ ከዚያ ይገባና ሊበስል ሲል ዱቄቶቹና ክሮውፊሹ ይከተላሉ። ድንችና እንጉዳይ ቅመም በብርቱ ስለሚስቡ፣ እስከ መጨረሻው ከተዘፈዘፉ ከክሮውፊሹ ይልቅ የሚያቃጥሉት እነሱ ይሆናሉ፤ ልጆች የሚበሉት ድንች ካለ አስቀድሞ ማውጣት ነው። ክሮውፊሹ ሲወጣ ውኃው ላይ የተንሳፈፈውን ቀይ ቅባት አንድ ጊዜ ማማሰል ያስፈልጋል፤ ቅርጫቱ በዚያ ቅባት መካከል ሲያልፍ ቅርፊቱ ቀለም ይይዛልና።

ሕያው ክሮውፊሽ በጨው ውኃ ሲዘፈዘፍ ሆዱን ያጸዳል የሚለውን ልማድ ደግሞ መተው ይቻላል። ጨው ይህን አያደርግም፤ ጭቃው እስኪጠራ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ በቂ ነው። ጨዉ ለድስቱ ይቀመጥ።

ለማን የትኛው ይሁን?

ሙሉ ጆንያ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀቅል ሰው የማሰሮው ዱቄት፣ ከጎኑም ለማስተካከያ የምትሆን ትንሽ የፈሳሽ ጠርሙስ፤ ከዚህ ውጭ አያስብ። ጨው ለሚቆጣጠር ቤት ከረጢት፣ በዚያ ላይ ትኩስ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ በብዛት፤ ጨው ሲቀነስ ምላስን የሚያታልለው ሎሚው ነው። በወጥ ቤት በትንሽ ድስት ለሚሠራ ከላይ የተጠቀሰው የቤት ቅመም። የሚያቃጥል ለሚወድና ሚጥሚጣው ከማዕድ ለማይጠፋ ቤተሰብ ደግሞ ቀለል ያለ ውኃና የቅቤው ስልስ። ቋሊማው በአብዛኛው ከአሳማ ሥጋ ስለሚሠራ የበሬ ወይም የዶሮ የሆነውን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ያለ ቋሊማ የሚቀቅል ሰው ደግሞ በውኃው ላይ አንድ ሲኒ ዘይት ቢያፈስ ለቃሪያው መያዣ የሚሆነውን ቅባት ይተካል።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። የክሮውፊሽ ወቅት የሚያይለው ከማርች እስከ ሜይ ሲሆን፣ ለሉዊዚያና ካቶሊኮች ይህ ዓርብ ዓርብ ከሥጋ የሚከለከሉበትን የዐቢይ ጾም ጊዜ ስለሚያገኝ ክሮውፊሽ የጾም ማዕዳቸው ሆኗል። በእኛ ዘንድ ግን ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ ከጾም ውጭም ቢሆን ቅርፊታም የውኃ እንስሳ በሃይማኖት ምክንያት የማይበሉ ብዙዎች ናቸው፣ ለሰውነታቸው የማይስማማቸውም አሉ። ለእነዚህ እንግዶች ድንቹን፣ በቆሎውን፣ እንጉዳዩንና ነጭ ሽንኩርቱን በዚያው ቅመም ግን በሌላ ድስት፣ በሌላ ጭልፋ መቀቀል፣ ስልሱንም በቅቤ ፋንታ በዘይት መሥራት ያስፈልጋል። ከረጢቱ ለዚህ ድስት የተሠራ ይመስላል፤ አትክልቱ ዱቄቱን ያህል ጨው አይፈልግምና።

የክሮውፊሽ ዋጋ በየዓመቱ አንድ አይደለም። የ2023 በጋ ድርቅና ሙቀት ኩሬዎቹን በመጉዳቱ በ2024 መጀመሪያ ላይ እጥረቱ በርትቶ የሉዊዚያና አገረ ገዥ በማርች ወር የአደጋ አዋጅ እስከማወጅ ደርሰው ነበር። እንዲህ በተወደደበት ዓመት አዲስ የቅመም ድብልቅን በጆንያ ላይ መሞከር አያዋጣም፤ በአንድ ፓውንድ ሽሪምፕ መሞከር ይቻላል፣ ሽሪምፑ ቶሎ ስለሚበስልና ቅመሙንም ቶሎ ስለሚይዝ የመቀቀያውንም የመዘፍዘፊያውንም ጊዜ ማሳጠር ይገባል እንጂ።

ሁለት ጆንያ ላለው ሰው የመጀመሪያው ውኃ አይደፋም። ጨዉ በከፊል ከክሮውፊሹ ጋር ወጥቷል፣ ውኃውም በከፊል ተንኗል፤ ስለዚህ ለሁለተኛው ዙር ሙሉ ማሰሮ ዱቄት መጨመር ያበዛዋል። የጎደለውን ውኃ ሞልቶ፣ ግማሽ ማሰሮ ጨምሮ፣ ሲፈላ ቀምሶ ማስተካከል ይበቃል። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ይልቅ የሚጣፍጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ የመጀመሪያው ቅባትና የነጭ ሽንኩርቱ ጣዕም በውኃው ውስጥ አሉ። ሦስተኛ ጆንያ ከመጣ ግን ውኃው ስለሚወፍርና የቅርፊቱ ጭቃ ስለሚጠራቀምበት ደፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ይሻላል።